ጳጉሜ ስድስት

«ቁልፉን ስጪኝ» አሉ ዶክተር ውብነሽ፣ እጃቸውን ዘርግተው።

ኦብሴ መጀመሪያ ቀልድ መሰላት። ቀና ብላ ፊታቸውን ስታይ ግን ቀልድ እንዳልሆነ ገባት። የጊንጦቹ ሣጥኖች ሁልጊዜ በዶክተር ግቢ ሰርቪስ ክፍል መደርደሪያ ላይ አሥራ ሁለት ሆነው በየቁጥራቸው ይቀመጣሉ። ዛሬ አሥራ አንድ ናቸው። ሰባት ቁጥር ወርዶ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል፤ ክዳኑም ተነሥቷል። ውስጡ ያለችው ጊንጥ እግሮቿን ሰብስባ፣ ጭራዋን ዘርግታ ደርቃለች። ውሃ የሚይዝላት ስፖንጅም እንዳደረ ዳቦ ጠጥሯል።

«ፌንጣ ባታገኝ እንኳ ወር ትቆይልኝ ነበር» አሉ ዶክተር። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም፤ ቢጮኹባት ይሻላት ነበር። «የሞተችው በውሃ ጥም ነው። ከሁሉ ይልቅ ለማሞቂያው አምፖል ቀርባ፣ ሳምንቱን ሙሉ ጠብታ ሳታገኝ። እስቲ ይቺን አንብቢልኝ።»

መዝገቡን አዞሩላት። ጣታቸው ያረፈው ጳጉሜ ሦስት ላይ ነው። «ሰባት ቁጥር፦ አንድ ፌንጣ በልታለች፤ ውሃ ተሞልቷል» ይላል። ከጎኑ «ኦ.ጉ.» የሚል ፊርማ አለ። ኦብሴ ጉተማ ማለት ነው፤ በዚህ ግቢ ውስጥ ሌላ ኦ.ጉ. የለም።

የእጅ ጽሑፉ ግን የእሷ አይደለም። የእሷን እጅ ጽሑፍ አስመስላ መጻፍ የምትችል አንዲት ሰው ብቻ ናት፤ እሷም ይህን የለመደችው አምስተኛ ክፍል ሳሉ የቤት ሥራ ሲገለባበጡ ነው። ኦብሴ ዞር አለች። ማርቲ የበሩን መቃን ተደግፋ ቆማለች።

«ማርቲ፣ ጳጉሜን ተረኛዋ ማን ነበረች?» ሲሉ ጠየቁ ዶክተር።

«ኦብሴ ነበረች።»

ኦብሴ የሚቀጥለውን ቃል ጠበቀች። «ግን እኮ» የሚል ነገር ይከተላል ብላ ጠበቀች። ምንም አልተከተለም። ማርቲ የጫማዋን አፍንጫ እያየች ጸጉሯን ወደ ጆሮዋ ጀርባ ሰበሰበች፤ በቃ። ኦብሴም ቁልፉን ከኪሷ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«ሰው ሊቀር ይችላል» አሉ ዶክተር። «ያልሠራውን ሠራሁ ብሎ የሚፈርም ሰው ግን እዚህ ክፍል ውስጥ ቦታ የለውም። ሰባት ቁጥርን ከጥናቱ ጽሑፍ አወጣታለሁ፤ የቀረውን ዓርብ ለመጽሔቱ እልካለሁ። አንቺ ወደ ቤትሽ ሂጂ።»

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባላል። መስከረም ከጠባ ሦስተኛ ቀኑ ነው፤ የኦብሴ ጉድ ግን ገና አሁን፣ ያውም በገዛ ጓደኛዋ አፍ መጣ።

ነገሩ ወዲህ ነው። ዶክተር ውብነሽ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ያጠኑት መርዝ ነው፤ የእባብ፣ የንብ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ የጊንጥ መርዝ። ለቡ መብራት ኃይል ሰፈር ውስጥ ግን ይህን ማን ይረዳላቸዋል? ሰፈርተኛው «ጊንጥ የሚያረቡት ሴትዮ» ይላቸዋል፤ በበራቸው ሲያልፍ የሚያማትብም አለ። ኦብሴ ቤታቸው የገባችው ወተት ይዛ ነው። አባቷ ጉተማ ከተማው እርሻውን ሲበላበት የቀሩትን ሦስት ላሞች ያልባል፤ ዶክተር ደግሞ ደንበኛው ናቸው። የዛሬ ሁለት ዓመት ወተቱን ስታቀብላቸው «ዶክተር፣ እውነት ጊንጥ አለዎት?» ብላ ጠየቀቻቸው። እሳቸውም ሳቁና «ነይ ግቢ» አሏት። እንግዲህ በዚያው ገብታ ቀረች።

«መርዝ ብቻውን ምንም አይደለም» ነበር ያሏት የዚያን ዕለት። «ነርቮችሽ ላይ ትናንሽ በሮች አሉ፤ እኛ ተቀባይ እንላቸዋለን። መርዙ ውስጥ ያለችው ቅንጣት የራሷን በር ካገኘች ሙጭጭ ብላ ትይዘዋለች፤ ካላገኘች ዝም ብላ ታልፋለች። እኔ ዕድሜዬን የጨረስኩት የትኛዋ ቅንጣት የትኛውን በር እንደምትይዝ ስፈልግ ነው።»

ከሰባት ቁጥር መርዝ ውስጥ ያገኟት አንዲት ቅንጣት ሕመም የሚያልፍበትን በር ዘግታ ሌላውን ሳትነካ ትተዋለች። አንድ ቀን የማስታገሻ መድኃኒት ትሆናለች ብለው ተስፋ ያደርጋሉ። የዚህ ክረምት ጥያቄያቸው ደግሞ የጠገበች ጊንጥ መርዝና የተራበች ጊንጥ መርዝ ያንን በር እኩል ይይዙታል ወይ የሚል ነበር። በሰኔ ጡረታ ይወጣሉ። ከዚህ በኋላ ሌላ ክረምት የላቸውም።

እሳቸው አብዛኛውን ክረምት መስክ ላይ ነበሩ። የዩኒቨርሲቲው ላቦራቶሪ እድሳት ላይ ስለሆነ ጊንጦቹን ለኦብሴና ለማርቲ አደራ ብለው ለየራሳቸው ቁልፍ ሰጧቸው። ልጆቹ ሳምንት ሳምንት እየተፈራረቁ እንዲጠግቡ ለተለዩት በረጅም ወረንጦ ፌንጣ ይሰጣሉ፣ ስፖንጅ ያረጥባሉ፣ የክፍሉን ሙቀት አይተው ይጽፋሉ፣ ይፈርማሉ። ቅዳሜ ቅዳሜ ገጹን በስልክ አንስተው ሦስቱ ብቻ ያሉበት የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ይለጥፉታል። ክልክሉ ሁለት ነበር፤ ጊንጥ በእጅ መንካትና ያላዩትን መጻፍ። «መምጣት ካልቻላችሁ ደውሉልኝ፤ ረድፉን ባዶ ተዉት» ብለዋል ዶክተር በመጀመሪያው ቀን። ጽሑፉ ሲታተም የሁለቱም ስም ምስጋናው ላይ እንደሚገባ ቃል ገብተውላቸዋል። ኦብሴ ያንን ያልታተመ ገጽ በልቧ ስንት ጊዜ አንብባዋለች!

ጳጉሜና የመስከረም መጀመሪያ የእሷ ተራ ነበር። ነሐሴ መጨረሻ ላይ ግን ቱሉ ቦሎ ያለችው አክስቷ ወለደችና እናቷ «ተነሽ፣ አራስ ቤት ሥራ አለ» አለቻት። ያኔ ለዶክተር መደወል ነበረባት። አልደወለችም። ነሐሴ ላይ ጉንፋን ጥሏት ሁለት ረድፍ ባዶ ትታለች፤ አሁን ደግሞ ሳምንት ሙሉ ልትተው? አፈረች። ስለዚህ ለማርቲ «በኔ ቦታ ግቢልኝ፤ በኔ ስም ፈርሚ» አለቻት።

«ላንቺ ያልሆንኩ ለማን ልሆን ነው!» ነበር የማርቲ መልስ። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ዴስክ ላይ የተቀመጡ፣ ጀሞ ኮንዶሚኒየም እነ ማርቲ ቤት ስንት ጊዜ አብረው ያደሩ ልጆች ናቸው። ኦብሴ ሻንጣዋን ስታዘጋጅ ቅንጣት ታህል አልሰጋችም።

ከቱሉ ቦሎ የተመለሰችው ትናንት ማታ ነው። ዛሬ ከግቢው ወጥታ ማዶ ካለው ሱቅ አጠገብ ቆመች። ማርቲ ግማሽ ሰዓት ቆይታ ወጣች።

«ለምን አልነገርሻቸውም?» አለቻት ኦብሴ።

«ምን ብዬ? 'ኦብሴ የለችም ነበር፤ በስሟ የፈረምኩት እኔ ነኝ' ልበል? ሁለታችንንም ነበር የሚያባርሩን!»

«እኔ እኮ ተባረርኩ።»

«አቦ አታካብጂ! እኔ ውስጥ ካለሁ ቀስ ብዬ እመልስሻለሁ።»

«ቆይ፣ ገብተሽ ነበር ወይ? ውሃ ሰጥተሻታል?»

«በእናቴ! በየቀኑ ገብቻለሁ። ጊንጧ ድሮም አርጅታ ነበር። ደሞ ጊንጥ እኮ ናት ኦብስ፤ ሰው አልሞተ።»

በእናቷ ማለች። ማርቲ በእናቷ ቀልዳ አታውቅም። ኦብሴ አመነቻት፤ ምናልባትም ጊንጧ እውነት አርጅታ ይሆናል ብላ ወደ ቤቷ ሄደች።

ከሰዓት በኋላ አባቷ ላሞቹን ሲያልብ በረቱ ደጃፍ ባለው ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ስልኳን ከፈተች። ምን እንደምትፈልግ ራሷም አታውቅም። ምናልባት የሰባት ቁጥርን የመጨረሻ ቀናት ማየት ፈልጋ ይሆናል። ቀኑ ቅዳሜ ነውና ማርቲ ጠዋት የለጠፈችው ገጽ ግሩፑ ላይ አለ። አሰፋችው። ጳጉሜ አንድ፣ በልታለች። ጳጉሜ ሁለት፣ በልታለች። ሦስት፣ አራት፣ አምስት። ጳጉሜ ስድስት፣ በልታለች፤ ውሃ ተሞልቷል፤ የክፍሉ ሙቀት ሃያ ስምንት፤ ኦ.ጉ.። መስከረም አንድ፣ በልታለች።

ኦብሴ ጣቷን መልሳ ወደ ላይ ወሰደች። ጳጉሜ ስድስት።

ዘንድሮ ጳጉሜ አምስት ቀን ናት። ስድስት የምትሆነው በአራት ዓመት አንዴ ነው፤ ይህን ሕፃን ልጅ ያውቀዋል። በየቀኑ እየገባ የጻፈ ሰው አይሳሳትባትም፤ የጳጉሜ አምስት ማግስት እንቁጣጣሽ ነዋ! እንዲህ የሚሳሳተው አልጋው ላይ ተጋድሞ፣ ሳምንቱን በአንድ ቁጭታ ከራሱ እያመነጨ የሚሞላ ሰው ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይላሉ፤ ማርቲ ግን ያፈሰሰችውን እንኳ አላየችም። ኦብሴ ጉተማ በፊርማዋ እንዳረጋገጠችው፣ ጭራሽ ባልነበረ ቀን፣ ለሰባት ቁጥር ፌንጣ አብልታለች።

መጀመሪያ ሳቀች። ከዚያ ሳቁ እንዴት ወደ ልቅሶ እንደዞረ አላወቀችም። ማርቲ፣ በእናቷ ምላ!

«ምን ሆነሻል?» አለ አባቷ ከላሟ ሥር።

«ምንም አባ፣ ጭሱ ነው።»

ጭስ አልነበረም። እሱም አልጠየቃትም።

እንባዋን ጠርጋ ወደ ኋላ ሄደች፤ ወደ ሐምሌ። እጇ ራሱ ነው የወሰዳት፤ ልቧስ ባታይ ይሻላት ነበር። ሐምሌ አጋማሽ የማርቲ ሳምንት ነበር። ያን ሳምንት የሰፈሩ ትራንስፎርመር ፈንድቶ ሦስት ቀን ሙሉ መብራት አልነበረም፤ ስሙ ብቻ ነው መብራት ኃይል። ወተት ተበላሽቶባቸው እናቷ ስትነጫነጭ ታስታውሳለች። ጊንጦቹን የሚያሞቀው አምፖልም ጠፍቶ መሆን አለበት። የማርቲ ረድፎች ላይ ግን ሙቀቱ ሃያ ስምንት፣ ሃያ ስምንት፣ ሃያ ስምንት ይላል። በዚያ የሐምሌ ብርድ! ከዚያ ወዲያ ማንበብ አላስፈለጋትም፤ ማርቲ ከራሷ እያመነጨች የጻፈችው ክረምቱን ሙሉ ነው።

ዶክተር ይህን አላዩም። ያዩት ሰባት ቁጥርን ብቻ ነው። መዝገቡን ኮምፒዩተር ላይ የሚገለብጠው ረዳታቸው ዮኒም ዓይኑ ቁጥሩ ላይ እንጂ ቀኑ ላይ አይደለም። ዓርብ ይላካል።

ሰኞ በእረፍት ሰዓት ማርቲን ከትምህርት ቤቱ ቧንቧ ጀርባ አገኘቻትና ስልኩን ዘረጋችላት። ማርቲ አየችው፤ ፊቷ ክው አለ።

«ጳጉሜ ስድስት» አለች ኦብሴ።

«ኧረ በናትሽ... ተሳስቼ ነው።»

«ሐምሌስ? መብራት በሌለበት ሃያ ስምንት ዲግሪ ከየት መጣ? ስንት ቀን ነው የገባሽው ማርቲ? እውነቱን።»

ማርቲ ድንገት ገነፈለች። «ይዘገንነኛል እሺ! ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያ ክፍል ይዘገንነኛል። ሣጥኑን ስከፍት እጄ ይደነዝዛል። በሳምንት አንዴ ውሃ አድርጌ እሮጥ ነበር፤ ጳጉሜን ግን እሱንም አልቻልኩም። ጊንጡም ያንቺ፣ ዶክተሯም ያንቺ! እኔ የገባሁት አንቺ ስለፈለግሽ ነው። ልንገርሽ ብዬ ነበር፤ እንደ ፋራ የምታይኝ መሰለኝ።»

ማርቲ ኦብሴን ለአፍታ አሳዘነቻት። እውነት ነው፤ ማርቲ በረሮ ስታይ ወንበር ላይ የምትወጣ ልጅ ናት። እንዴት ይህን ሳታስብ ቀረች? ግን ያ «ኦብሴ ነበረች» የሚል ድምፅ ከጆሮዋ አልወጣም።

«ዶክተር ሲጠይቁሽስ?»

«ደነገጥኩ።»

«ከደነገጥሽ በኋላስ? ግማሽ ሰዓት ውስጥ ቆይተሽ አልነበር? ምን ስትሉ ነበር?»

ማርቲ ቧንቧውን ከፍታ እጇን ታጠበች፤ ያልቆሸሸ እጇን። «ተራውን ብቻሽን ትችይዋለሽ ወይ አሉኝ።»

«አንቺስ?»

«እሺ አልኳቸው።»

ኦብሴ ሰው ማመን ቀብሮ ነው ሲባል ትሰማ ነበር፤ የሽማግሌ ምሬት ይመስላት ነበር እንጂ አንድ ቀን የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ይገጥመዋል ብላ አታስብም።

«ስሚኝ» አለች ማርቲ፣ ክንዷን ይዛ። «ዛሬ ገብቼ ጳጉሜ ስድስቷን አጠፋታለሁ። ዓርብ ይላካል፣ አለቀ ደቀቀ። አንቺን ደሞ አማልድሻለሁ። 'ታማ ነበር፣ ፈርታ ነው' እላቸዋለሁ። ይወዱሻል፤ ይመልሱሻል። ስምሽም ይገባል፣ ስሜም ይገባል። ማን ይጎዳል?»

ደወሉ ተደወለ። የሚያሳፍረውን ነገር እንናገር ከተባለ፣ ኦብሴ «እሺ» ልትል ምንም አልቀራትም ነበር። የጊንጦቹ ክፍል ናፍቃታለች፤ የዶክተር «ነይ ግቢ» ናፍቋታል። ደግሞ ብትናገር የራሷ ውሸት መጀመሪያ ይወጣል፤ ፈርሚልኝ ያለችው ማን ሆነና! ክንዷን ቀስ ብላ አስለቀቀችና መልስ ሳትሰጥ ወደ ክፍል ገባች። የቀሩትን ክፍለ ጊዜያት አስተማሪዎቹ ምን እንዳሉ አልሰማችም።

ከትምህርት ቤት ስትወጣ ታክሲ አልጠበቀችም። በእግሯ ነው የሄደችው፤ መንገዱ እንዲረዝምላት ፈልጋ ይሆናል። በሩን ስታንኳኳ የከፈቱት ዶክተር ራሳቸው ናቸው።

«ይቅርታ ልትጠይቂ ከሆነ የመጣሽው፣ ሌላ ቀን ይሁንልኝ።»

«ለይቅርታ ብቻ አይደለም ዶክተር። ጽሑፉን እንዳይልኩት ነው።»

አዩአት። ከዚያ ገለል ብለው አሳለፏት።

መቀመጫ አልጠበቀችም፤ ቆማ ተናገረች። «ጳጉሜን እኔ አልነበርኩም። ቱሉ ቦሎ ነበርኩ። ማርቲን በስሜ ፈርሚ ያልኳትም እኔ ነኝ። መደወል ነበረብኝ፤ አፍሬ ነው ያልደወልኩት።» ስልኳን ሰጠቻቸው። «ይህን ደግሞ ይዩት።»

ዶክተር መነጽራቸውን አድርገው አነበቡ። ከንፈራቸው እየተንቀሳቀሰ ቆይቶ አንድ ቦታ ላይ ቆመ። ስልኩን አስቀመጡና ወንበር ስበው ተቀመጡ። በአንዴ አሥር ዓመት ያረጁ መሰሉ።

«ጳጉሜ ስድስት» አሉ። «ሠላሳ አንድ ዓመት ሠርቼ፣ ጳጉሜ ስድስትን ላሳትም ነበር።»

ኦብሴ ቦርሳዋን ከትከሻዋ አውርዳ ወለሉ ላይ አስቀመጠች።

«ይቺን ሳምንት አወጣታለሁ» አሉ ዶክተር ቆይተው፣ ከራሳቸው ጋር የሚነጋገሩ ይመስል። «ከስልሳ ሰባት ቀን ውስጥ ሰባት ቀን ቢጎድል ጽሑፉ አይሞትም። ግማሹን ያንቺ እጅ ነው የጻፈው፤ እሱን አምነዋለሁ፤ ባዶ ረድፎችሽን አይቻቸዋለሁና።» ከዚያ ቀና አሉ። «የቀረውስ ኦብሴ? የማርቲን ረድፎች ታምኛቸዋለሽ?»

ዓይናቸው «አዎ በይኝ» ይላል። ኦብሴ ዶክተርን እንዲህ ሲለምኑ አይታቸው አታውቅም። አዎ ብትል ጽሑፉ ይድናል። የእሳቸው የመጨረሻ ክረምት ይድናል። ማርቲም ትድናለች፤ ነገ ዴስኩ ላይ አጠገቧ ትቀመጣለች፣ ቀስ በቀስም ይረሳል። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ያለውን ሁሉ አንድ ቃል ሊያተርፈው ይችላል። ጠረጴዛው ላይ ያለው ስልኳ ደግሞ መንዘር ጀመረ። ማን እንደሆነ ማየት አላስፈለጋትም።

ማልቀስ አማራት። ለምን እኔን ይጠይቁኛል ብላም ተናደደች። ማርቲ በገዛ ስሟ የጻፈችውን ውሸት እሷ ለምን ታውጣው?

«አላምናቸውም» አለች።

ዶክተር ዓይናቸውን ጨፈኑ። ስልኩ ነዝሮ ነዝሮ ቆመ፤ ወዲያው እንደገና ጀመረ። ዶክተር ተነሥተው ሄዱ፤ የሚያስወጧት መስሏት ቦርሳዋን አነሣች። እሳቸው ግን መዝገቡንና ቀይ እስክሪብቶ ይዘው ተመለሱና ከጠረጴዛው ወዲያ ሌላ ወንበር ሳቡ።

«የቱን እንደማታምኚና ለምን እንደማታምኚው አንድ በአንድ ታሳዪኛለሽ» አሉ። ድምፃቸው ደርቋል። «ማርቲን ነገ ራሴ እጠራታለሁ። አንቺም ትኖሪያለሽ፤ በሌለችበት አይሆንም።»

«እሺ።»

ስልኩን አነሣች። «ማርቲዬ» ይላል፣ ከልብ ምልክት ጋር፤ እንዲያ ብላ የመዘገበቻት ሰባተኛ ክፍል ሳሉ ነው። ድምፁን አጥፍታ ጠረጴዛው ላይ በፊቱ ደፋችው። ከዚያ መዝገቡን ወደ ራሷ ስባ የመጀመሪያውን ገጽ ገለጠች።

«ሐምሌ አንድ» ብላ ማንበብ ጀመረች።